«አሜን በይ»፦ ከባሕር ዳር የፊልም ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት። ስክሪፕቱ

ስክሪፕቱ አለቀ። ሠላሳ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም ነው። ስፖንሰር የለንም። ፕሮዲዩሰርም የለንም። ከየኪሳችን አዋጥተን ነው የምንሠራው። ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ የደረስንበትን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ። ለራሴም ይጠቅመኛል፣ እንዲህ ያለ ነገር መሞከር ለሚፈልግም ሰው።

ታሪኩ ከዛሬ ሰባ ዓመት በኋላ እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ ነው የሚሆነው። ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ ትንሽ መብራት አለችው። «ምስክር» ትባላለች። ከየመንገዱ ምሰሶ በቀን ሦስት ጊዜ አዋጅ ይለፈፋል። አዋጁ የሚነበበው በጸሎት ዜማ ነው። ሲያበቃ ሰባት ሰከንድ ይሰጣል። በሰባት ሰከንድ ውስጥ «አሜን» ያለ ሰው ግንባሩ አረንጓዴ ይበራል። ዝም ያለ ቢጫ ይሆናል። የጠየቀ፣ ያጉረመረመ፣ የተከራከረ ደግሞ ቀይ። ቢጫ ግንባር ይዞ ዳቦ መግዛት የለም። ባጃጅም አይቆምለትም። ቀይ የሆነ ሰው ምን እንደሚደርስበት ፊልሙ አያሳይም። ማንም አይጠይቅማ፤ መጠየቅ ራሱ ቀይ ነው።

ትርሲት የምስክር ጠጋኝ ናት። የተበላሸ መብራት ትፈታለች፣ ትበይዳለች፣ ትመልሳለች። አማኝ ናት። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አጥብቃ የምትጸልየው እሷ ናት። አንድ ጠዋት «አሜን» ማለት ታቆማለች። የሚቆጠር አሜን ጸሎት አይሆንም ብላ ነው። ፊልሙ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከፌስቡክ ነው። «ይህን ሥዕል አይተህ ዝም ብለህ አትለፍ፣ አሜን ብለህ ሼር አድርግ» የሚለውን ፖስት ያላየ የለም። ዝም ብሎ ባለፈ ሰው ላይ የሚዝቱም አሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከሥሩ የሚደረደረው አሜን ነው። ማን ይቆጥረዋል? ለማን ነው የሚቆጠረው? ቆጣሪው አንድ ቀን ቢሮ ቢከፍትስ? ከዚህ ተነሣሁ።

የፊልማችን ዘውግ ሳይበርፐንክ ነው። ሳይበርፐንክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሳይንስ ልብወለድ ውስጥ የተወለደ ዘውግ ነው። ሰማይ የነካ ቴክኖሎጂ፣ መሬት የወረደ ኑሮ። ለእኛ ሁለተኛውን ማጥናት አላስፈለገንም። ነሐሴ 2015 ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመጀመሪያውን ረቂቅ በደብተር ነበር የጻፍኩት። ኔትወርክ በሌለበት ከተማ ቁጭ ብሎ ስለ ኔትወርክ አምባገነንነት መጻፍ ያስቃል። ግን ስክሪፕቱን ያዳነው እሱ ነው። ሰው ዘፈን፣ ስብከት፣ ዜና፣ የፈተና ወረቀት በሜሞሪ ካርድና በብሉቱዝ ሲቀባበል በዓይኔ አየሁ። በፊልሙም የተከለከለ ድምፅ የሚዘዋወረው በሜሞሪ ካርድ ነው። ካርዱን ሐይቁን የሚያሻግረው ታንኳ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ። ለምን ግንባር?

የኤሌክትሮኒክስ ሥራውን የያዘው ልጅ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የተማረ ነው። ስክሪፕቱን አንብቦ የመጀመሪያ ጥያቄው «ለምን እጅ ላይ አይሆንም?» ነበር። ሰዓት ውስጥ ቢገባ ይቀላል፣ ባትሪ መደበቅም አያስቸግርም። ልክ ነው። ግን ግንባሩን አልለቅም አልኩት።

ምክንያቴ ከመጪው ዘመን አይደለም የመጣው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነግሠዋል። ዜና መዋዕላቸው አንድ ትእዛዝ ያስታውሳል። ሰው ሁሉ በግንባሩ ላይ የአብ፣ የወልድና የመንፈስ ቅዱስን ስም እንዲጽፍ። በእጁ ላይ ደግሞ ሰይጣንን እንደካደ የሚመሰክር ቃል። ይህን ሳነብ የፊልሙ መብራት ተሠርታ ነው የጠበቀችኝ። የእኛ ሥራ ባትሪ መጨመር ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ነበሩ። ለንጉሥ አንሰግድም፣ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀልም ስግደት የለንም አሉ። ተገረፉ፣ ተወገሩ፣ ምላሳቸው የተቆረጠም ነበሩ። ለእኔ ዋናው ነጥብ የትኛው ወገን በነገረ መለኮት ትክክል እንደነበር አይደለም። እሱን ሊቃውንቱ ይጨርሱት። እኔን የያዘኝ እነዚህ ሰዎች እምነት የለሽ አለመሆናቸው ነው። ሌሊትና ቀን የሚጸልዩ መነኮሳት ናቸው። የተቀጡት በሃይማኖታቸው ነው ወይስ በአንደበታቸው? ለይቶ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ትርሲትን የጻፍኳት ከእነሱ ነው።

ንጉሡም ተራ ጨካኝ አልነበሩም። ብዙ ድርሳን የጻፉ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያደራጁ ሊቅ ናቸው። ዐፅማቸው ዛሬ ከዚሁ ጣና ላይ፣ ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ነው ያለው። ገዳሙ የተሰየመው ለቀዳሜ ሰማዕት ለቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በሐዋርያት ሥራ እንደተጻፈው እሱም በሸንጎ ፊት በተናገረው ንግግር በድንጋይ የተወገረ ሰው ነው። በስክሪፕቱ ውስጥ ክፉው ሰው ሞኝ እንዳይሆን የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው። አዋጁን የሚጽፈው ሰው የተማረ፣ የሚጾም፣ ዜማው የሚያስለቅስ ሰው ነው። ለሕዝቡ መዳን የሠራ ይመስለዋል።

ደግሞ 666 አለ። የዋና ተዋናይታችን እናት የመብራቷን ሥዕል ሲያዩ «ልጄ፣ ይሄማ ራእይ ላይ ያለው ነው!» አሉ። ምዕራፍ 13ን ማለታቸው ነው፣ በእጅ ወይም በግንባር ላይ የሚደረገውን ምልክት። ዲጂታል መታወቂያ እንኳ 666 ነው ተብሎ በሚያሟግትበት ዘመን ይህን ማምለጥ አይቻልም። ስለዚህ አስገባነው። በፊልሙ አንዲት ባልቴት ይህንኑ ትላለች። ግንባሯ ቀይ ይሆናል። ወዲያው «አሜን» ብላ ታስተካክለዋለች።

ኅዳር። የሕግ ነገር

ተዋንያኑ ፈርተዋል። አልፈርድባቸውም። አንድ የሕግ ጓደኛዬን ማኪያቶ ጋብዤ ስክሪፕቱን ሰጠሁት።

በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይሰጣል፣ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነት ነው። ውስጡ ማንንም የፈለገውን እምነት እንዳይዝ በኃይል ማስገደድ አይቻልም የሚል ንዑስ አንቀጽ አለ። ሌላው ወገን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 492 ነው፣ የሃይማኖት ሰላምና ስሜት መንካትን የሚቀጣው። ከዚያ የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012 ይመጣል። ይሄኛው በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በጾታና በመሳሰለው ምክንያት ጥላቻ የሚቀሰቅስን ንግግር ይከለክላል። ኪነ ጥበባዊ ፈጠራንና ሃይማኖታዊ ትምህርትን ግን ለይቶ ያወጣል።

ጓደኛዬ አንብቦ ሲጨርስ «ወረቀት ላይ ችግር የለብህም» አለኝ። «ወረቀት ላይ» የሚለውን ረገጥ አድርጎ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ ለራሳችን ደንብ አወጣን። የፊልሙ ሃይማኖት የማንም ሃይማኖት አይሆንም። እውነተኛ መስቀል፣ እውነተኛ ታቦት፣ እውነተኛ የካህን ልብስ፣ የመስጊድ ሚናራ፣ የቸርች መድረክ ካሜራ ፊት አይቀርብም። ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። አንዱን ቤተ እምነት ካሳየን ሌላው ተመልካች «የእነሱ ጉድ ነው» ብሎ ተመቻችቶ ይቀመጣል። ማንም ተመቻችቶ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

አንድ ቢሮ ለቀረጻ ፈቃድ የስክሪፕቱን አጭር ይዘት ጠየቀን። «ወደፊት ስለሚሆን የኤሌክትሪክ መብራት ጠጋኝ» ብለን ጻፍን። ውሸት የለበትም። መልሱ ግን እስካሁን «ነገ ተመለሱ» ነው።

ኅዳር። መብራቷ

ከሥራው ሁሉ የወደድኩት ይሄ ነው።

የምንጠቀመው ደብሊው ኤስ 2812 የሚባለውን የኤልኢዲ ጥብጣብ ነው። እያንዳንዷ አምፖል ለብቻዋ ቀለም መቀየር ትችላለች። በ5 ቮልት ትሠራለች። ሙሉ ነጭ ስትበራ እስከ 60 ሚሊ አምፔር ትወስዳለች። ለአንድ ግንባር ጥቂት አምፖል ይበቃል። ማዘዣው ኢኤስፒ 32 የተባለች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። ዋይፋይ ስላላት ልጁ ከስልኩ ሆኖ የሁሉንም ግንባር ቀለም ይቀያይራል። በልምምድ ላይ አንዱ ተዋናይ ሲቀልድበት ግንባሩን ቀይ አደረገበት። ሁላችንም ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ ማንም በልጁ ላይ አይቀልድም ነበር። እሱም ታዘበው፣ እኔም።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ፓወር ባንኩ ነው። ብዙ ፓወር ባንኮች የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ሲያንስ ስልኩ የሞላ መስሏቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። የእኛ መብራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በደብዛዛ አረንጓዴ ነው የምትበራው። ትዕይንቱ መሐል ላይ የመንደሩ ግንባር ተራ በተራ ይጠፋ ጀመር። መፍትሔው ርካሽ ነው። አንድ 47 ኦም ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪክ የምትገታ ትንሽ ዕቃ፣ ከአምፖሉ ጎን ይበየዳል። እሷ ብቻዋን ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ ትስባለች፣ ፓወር ባንኩም ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ይቆያል። ግማሽ ዋት ያህል ሙቀት ስለምታወጣ የ1 ዋት ሬዚስተር መሆን አለባት፣ ቆዳም መንካት የለባትም። እኛ ከጭንቅላት ጀርባ፣ ከፀጉር በላይ ነው ያደረግናት።

ሁለተኛው ካሜራው ነው። ኤልኢዲ ለዓይን ዝም ብሎ የሚበራ ይመስላል እንጂ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። ካሜራ ሹተሩ፣ የብርሃን መዝጊያው፣ ሲፈጥን ያንን ይይዘውና ምስሉ ላይ አግድም መስመር ይሮጣል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን 1/50 ላይ ቆልፈን እንቀርጻለን። ከዚያ ወደ ላይ አንነካካውም። ብርሃን ሲበዛብን ኤንዲ ፊልተር፣ ብርሃን የሚቀንስ የሌንስ መስታወት፣ እንጨምራለን። አምፖሉንም ከማዘዣው ማደብዘዝ ትተን ሙሉ አብርተን በጨርቅ መሸፈን ይሻላል።

ጨርቁ ነጠላ ነው። ከኦንላይን የታዘዘ የብርሃን ማለስለሻ ወረቀት ሞከርን፣ የፕላስቲክ ሽፋን ሞከርን፣ የሻይ ማጣሪያ ሳይቀር ሞከርን። ሁሉም አምፖሏን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያሳያል። የተዋናይታችን አክስት የሰጡን አሮጌ የሸማ ነጠላ ሁለት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ከቆዳዋ የሚወጣ መሰለ። አለባበሱም እዚያው ተወሰነ። በሰባ ዓመት በኋላዋ ባሕር ዳር ሁሉም ነጠላውን ግንባሩ ድረስ ስቦ ይለብሳል።

ታኅሣሥ። ቦታ ፍለጋ

የሳይበርፐንክ ፊልም ሁሉ ሐምራዊና ሮዝ ነው። ባሕር ዳር ግን ማታ ሐምራዊ አይደለችም። ብርቱካንማ የመንገድ መብራት አለ። የመድኃኒት ቤት አረንጓዴ አለ። የባጃጁ ሰማያዊ አለ። ባጃጅ ደግሞ ከአሁኑ ሳይበርፐንክ ነው። ውስጡ የሚያብለጨልጭ መብራት፣ ጣሪያው ላይ ሥዕለ አድኖ ወይም የቁርኣን ጥቅስ፣ ከኋላው መፈክር። ዲዛይነር ቀጥረህ ይህን አታመጣውም። የእኛን ከተማ ቀለም ከእነዚህ ነው የወሰድነው።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ግንቦት 2016 ነው የተመረቀው። ገመዶቹን ሳይ የፊልሙ የመጀመሪያ ሾት ይታየኛል። ግን ድልድይ አጠገብ ካሜራ ይዞ መቆም የሚያስከትለውን የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሣም። ስለዚህ ድልድዩን ብሌንደር በሚባለው ነጻ የ3ዲ ሥዕል ሶፍትዌር ላይ ራሳችን እየሠራነው ነው። በፊልሙ ከየገመዱ ድምፅ ማጉያ ተንጠልጥሏል። ከተማዋን ከላይ ለማሳየት ደግሞ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተን ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ በረጅም ሌንስ ቀርጸናል።

ማታ ውጭ መቅረጽ በዚህ ወቅት አይታሰብም። ምሽቱን የምንፈጥረው በሁለት መንገድ ነው። የመንገዱን ትዕይንት በአንድ የቆርቆሮ አጥር ባለው ግቢ ውስጥ እንቀርጻለን። አስፋልት የለውም፤ ሲሚንቶውን በጀሪካን ውኃ እናርሰዋለን፣ መብራቱ ተገልብጦ ይታይበታል። የሐይቁን ትዕይንት በጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ሆነን፣ ምስሉን ሆን ብለን አጨልመን፣ ወደ ሰማያዊ ስበን ጨረቃ እናስመስላለን። ድሮ ፊልም ሠሪዎች ያደርጉት የነበረ ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራል።

ገዳም ውስጥ እንቅረጽ የሚል ሐሳብ ነበር። ካሜራማናችን ክብራን ገብርኤልን አነሣ። ክብራን ሴት አትገባም። ደጋም እንደዚያው። ዋና ገጸ ባሕርያችን ሴት ናት። ውይይቱ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። እኔ ግን ዘጌ ላይ ሴት የምትገባበት ቤተ ክርስቲያን ቢፈቀድልንም አልፈልግም አልኩ። እዚያ ያሉት አባቶች እኛን ለመዝናናት አልመነኑም። ደሴቱን ከሩቅ፣ ከውኃው ላይ እናሳየዋለን። ትርሲትም አትደርስበትም።

በፊልሙ ሐይቁን እንቦጭ ሸፍኖታል። ጣና ላይ አረሙ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። የባሰው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። አንዱ ልጅ «ትንሽ በጆንያ እናምጣ» አለ። በጭራሽ! ከቁራጭ ግንድ ይበዛል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ለፊልም ብለን ወደ ከተማው ዳርቻ እንቦጭ ካመጣን እኛ ነን የፊልሙ ክፉ ሰዎች። እሱንም ብሌንደር ይሥራው።

ታኅሣሥ መጨረሻ። ታንኳው

ታንኳውን ያሠራነው ሐይቁ ዳር ከሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ነው። ደንገሉን፣ ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ በደረቁ ይዘው፣ እየረገጡ፣ እየጠበቁ ሲያስሩ ካሜራማናችን ሳይታዘዝ መቅረጽ ጀመረ። ያ ሾት ፊልሙ ውስጥ ገብቷል።

«አባባ፣ ይሄ ታንኳ ወደፊት ስለሚመጣ ዘመን ፊልም ላይ ነው የሚወጣ» አልኳቸው።

«ወደፊት ደንገል የት ታገኛለህ?» አሉኝ። «አሁንስ መቼ ይገኛል።»

እውነታቸውን ነው። ደንገሉ ከዳርቻው እየሳሳ ነው። ታንኳ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይበሰብሳል። እሳቸው ልጅ ሳሉ ከዘጌ ማገዶ የጫነ ታንኳ ወደ ከተማው ይጎርፍ ነበር። የሜሞሪ ካርዱን መደበቂያም የመረጡልን እሳቸው ናቸው። እኔ ከመቀመጫው ሥር ብዬ ነበር። «ፈታሽ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው» ብለው ከታንኳው አፍንጫ፣ ደንገሉ ተጠቅልሎ ከሚታሰርበት እጥፋት ውስጥ አስገቡት። በስክሪፕቱ ላይ አሻሽያለሁ።

የታንኳ ቀረጻ በጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም ይመጣል። ተዋናይታችን ዋና ትችላለች። መብራቷ ግን አትችልም። ስለዚህ ሰሌዳዋንና ባትሪዋን በፕላስቲክ ጠቅልለን ነጠላው ሥር አሰርናት። አብሮን የነበረው ሞተር ጀልባ ከፍሬም ውጭ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ደኅንነት ላይ ቁጠባ የለም።

ከጣና ማዶ፣ ሰሜን ዳርቻው ላይ ጎርጎራ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ያወጁ ጊዜ ኢየሱሳውያኑ፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ፣ እዚያ ነበሩ። አገሬው አመፀ፣ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፣ የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ። ያኔ ደግሞ ተራው የሌላው ወገን ሆነ፣ ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። በአዋጅ የመጣው እምነት በአዋጅ ሄደ። ታንኳው ላይ የትርሲት አባት «ይህ ሐይቅ ስንት አዋጅ ሰምቷል» የሚለው ይህን ይዞ ነው። ስሙን አንጠራም፣ የሚያውቅ ያውቃል።

ጥር። ድምፅ

የከተማዋን የሌሊት ድምፅ ለመቅዳት ጣሪያ ላይ ወጣን። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ። ከአንድ አቅጣጫ ማኅሌት፣ ከሌላው አዛን፣ ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ የመዝሙር ድምፅ። አንዱ በሌላው ላይ ይጮኻል። የድምፅ ሠራተኛችን ተናደደ። «ንጹሕ አንድ ደቂቃ አጣሁ!» ይላል። እንቅልፍ ያጡት ጎረቤቶቻችንም በዚህ ነገር የሚያማርሩበት ምክንያት አላቸው።

እኔ ግን ጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ደጋግሜ ሰማሁት። የፊልሙ ከተማ ያጣችው ይሄ ነው። እዚያ ድምፅ ማጉያው አንድ ብቻ ነው። ጥርት ያለ ነው፣ ዜማውም ያምራል፣ የሚረብሸውም የለም። ስለዚህ ቅጂውን እንዳለ፣ ሳናጸዳ፣ ፊልሙ ውስጥ አስገባን። ታንኳው በሚያሻግረው ሜሞሪ ካርድ ላይ ያለው ድምፅ እሱ ነው። አንድ ደቂቃ የድሮ ባሕር ዳር ጫጫታ። ሰው ተደብቆ የሚያዳምጠው፣ ለእሱ ሲል ቀይ የሚሆነው።

ጥምቀት ላይ የሕዝቡን «አሜን» እንቅዳ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ሲል መስማት ያስደነግጣል፣ ለአዋጁ ትዕይንት የሚሆን ድምፅ ነው። አልተቀበልኩትም። ሰው በልቡ ያለውን አሜን ወስዶ የተገደደ አሜን ማስመሰል ራሱ ፊልሙ የሚቃወመው ሥራ ነው። በምትኩ እኛው አንድ ክፍል ውስጥ ቆመን አልን። ቀዳን፣ በፍጥነትና በድምፅ ቅጥነት እየለዋወጥን ደራረብነው። ጥሩ ሕዝብ ሆንን። ትንሽ ሕይወት የለውም። ለዚህ ትዕይንት ደግሞ የሚፈለገው ያ ነው።

የካቲት። ኤዲቲንግ

የምንሠራው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ነጻ ቅጂ ነው። ለእኛ ይበቃል። የሚጎድለው ዋና ነገር የምስል ብጭጭታ (ኖይዝ) ማጽጃው ነው፣ እሱ በሚከፈልበት ቅጂ ላይ ነው ያለው። ጨለማ ትዕይንት ላይ ምስሉ ብጭጭ ብጭጭ ይላል። ተውነው። የሰባ ዓመት በኋላው ዓለም ንጹሕ እንዲሆን ማን ፈረደ?

ሰባት ሰከንዱ ፊልሙን ገደለው ስል ቆይቼ አዳነው። በወረቀት ላይ አጭር ነው። ስክሪን ላይ ሰው ፊት ብቻ እያየህ ሰባት ሰከንድ መጠበቅ አያልቅም። ልጆቹ ወደ አራት እናሳጥረው አሉ። ሞክረን አየነው። በአራት ሰከንድ ተመልካቹ ያያል። በሰባት ሰከንድ ራሱ ሊል ይዳዳዋል። ሰባት ሆኖ ይቆያል።

ቆርጠን ያወጣነው ግን ብዙ ነው። ሮቦት ዘብ ነበረን፣ ወጣ። የፍቅር ታሪኩ ወጣ። የአዋጁ ጸሐፊ ራሱን የሚያብራራበት ረጅም ንግግርም ወጣ። ተዋናዩ ከፍቶታል። በሙሉዓለም አዳራሽ ቴአትር የለመደ ሰው ነው፣ ንግግሩንም አሳምሮ ነበር ያቀረበው። ችግሩ ማማሩ ነው። ተመልካች ሊያምነው ነው።

መጋቢት። የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች

ጥሬውን ቅጂ ለጥቂት ሰው አሳየሁ። ፊልም ለሚያውቅ ሰው አላሳየሁም፣ እነሱ ስለ ሌንስ ነው የሚያወሩት።

መጀመሪያ አንድ ዘመዴ መሪጌታ ናቸው። ጾም ላይ ስለነበሩ «ፊልም በጾም?» አሉ። በኋላ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠው ሳይንቀሳቀሱ አዩት። ሲያልቅ ብዙ ዝም አሉ። እኔ ቁጣ ነበር የጠበቅሁት።

«አዋጅ ነጋሪው ዜማ አይችልም» አሉኝ።

«እንዴት መሪጌታ?»

«በግዕዝ ዜማ ጀምሮ ዕዝል ዜማ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው ሕዝብ አያስለቅስም። አስተካክለው።»

አስተካክለዋለሁ። ራሳቸው ሊያሠለጥኑት ተስማምተዋል። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ልጅቱ አሜን አልልም አለች፣ እሽ። መቼ ነው ታዲያ የምትለው? ጸሎት የሌላትማ ከሆነች ያ ጸሐፊ ረታት።» መልስ አልነበረኝም። አሁንም በደንብ የለኝም።

ሁለተኛው ተመልካች ባጃጁን ያዋሰን ጎረቤቴ ነው። ሙስሊም ነው። አይቶ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «እኛን የት አደረስከን?» በፊልሙ ሃይማኖት የማንም አይደለም ብዬ አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀ። «የማንም አይደለም ትላለህ። ግን ነጠላውም፣ ዜማውም፣ አሜኑም ያንተ ሰፈር ነው። እኛም አሚን እንላለን ወንድሜ። መብራቷ እኔም ግንባር ላይ ናት።»

ልክ ነው። የመንደሩ ትዕይንት ላይ ሁለት ሰው እንጨምራለን፣ አንዱ እሱ ራሱ ይሆናል። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ይሉታል፣ ማሽኑም ሁለቱንም አረንጓዴ ያደርጋቸዋል። ለማሽኑ ልዩነት የለውም።

የመሪጌታን ጥያቄ ለቡድኑ አቀረብኩ። ተከራከርን። ካሜራማኑ ምንም አይጨመር ባይ ነው፣ ዝምታዋ በቂ ነው ይላል። ተዋናይቷ ግን ከመሪጌታ ጋር ናት። «ትርሲት ተናጋሪ ናት እኮ፣ ዱዳ አላደረጋችኋትም?» አለች። አንድ ሾት ለመጨመር ተስማማን። መብራቷን ነቅላ ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ትታለች። ታንኳው ላይ ሆና ጮክ ብላ ትጸልያለች፣ በራሷ ቃል፣ ሰው እየሰማት። ጸሎቱን ተዋናይቷ ራሷ ትጽፈዋለች። እኔ አልነካውም ብያለሁ።

ታንኳው ግን አብቅቶለታል። ከቀረጻ በኋላ በደንብ አልደረቀም፣ ደንገሉ ሥሩ ላይ ጠቁሯል። ሽማግሌው አዲስ ለማሰር ከፋሲካ በኋላ ቀጥረውናል፣ ደንገል ከተገኘ። እስከዚያው የአዋጁን ዜማ እንደገና እንቀዳለን። የፈቃድ ቢሮውም «ነገ ተመለሱ» ብሏል።